እቴጌ ምንትዋብ በራሳቸው ስም

ከአባሎቻችን መካከል የእቴጌ ምንትዋብን ስም ያልሰማች ያለች አይመስለኝም። ጎንደር ሄዳ የፋሲል ግቢን ያየች ሁሉ ግንባቸውን አይታለች፤ ቁስቋምን የተሳለመች ደግሞ የአዳራሻቸውን ፍርስራሽ አይታለች። ስለ ሕይወታቸው ስንጠየቅ ግን አብዛኞቻችን ቆንጆ ነበሩ ከማለት አናልፍም። ስማቸውም ራሱ ወደዚያው ይመራል፤ ምን ዓይነት ውብ ናት እንደ ማለት ነውና። እኔ ሥራዬ ሒሳብ ነው፣ የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም። ስለ አንዲት የታወቀች ሴት ሕይወት ጻፊ ስባል እሳቸውን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሥልጣኑን በራሳቸው ስም ያዙት። ሁለተኛ፣ መልካቸውን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አሳሉት። ነገሩን እያነበብኩ ስሄድ ሁለቱ አንድ ሆነው ታዩኝ። ዓመቶቹን መጻሕፍቱ ላይ እንዳገኘኋቸው በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

የተወለዱት በ1706 ገደማ በቋራ ነው። እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ይባላሉ። ቋራ እንደ እኛ ዛሪማ ቆላ ነው፤ የደጋው ሰው የቆላን ሰው እንዴት እንደሚያይ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ በኋላ የነገሡበት ስም ብርሃን ሞገሳ ነው። ሦስት ስም ካላቸው ሴት ሕዝቡ የያዘው ስለ መልካቸው የሚናገረውን ብቻ መሆኑ ትንሽ ይገርመኛል።

በ1721 የነገሡት አጼ በካፋ ልብሳቸውን ለውጠው በአገሩ ይዞሩ ነበር ይባላል፤ ሕዝቡ ስለ መንግሥቱ ምን እንደሚያወራ በጆሯቸው ለመስማት። በአንዱ ጉዞ ቋራ ላይ ታመው ከሰው ቤት ወደቁ፣ ያስታመመቻቸውም የቤቱ ልጅ ነበረች ተብሎ ይተረካል። የተረቱ ክፍል ምን ያህል እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። በ1722 ተጋቡ፣ በሚቀጥለው ዓመት ኢያሱ ተወለደ።

አጼ በካፋ በመስከረም 1730 ሲሞቱ ልጁ ሰባት ዓመት አልሞላውም። ያን ጊዜ ዙፋን ሊወርሱ የሚችሉ የነጋሢ ልጆች ወህኒ በሚባል አምባ ላይ ተጠብቀው ይኖሩ ነበር፤ ዛሬ ወህኒ ቤት የምንለው ቃል የመጣው ከዚያው ነው። ከእነዚያ አንዱን አውርዶ ማንገሥ ለሚፈልግ መኳንንት የሰባት ዓመት ልጅና የቆላ አገር መበለት ትልቅ እንቅፋት አልነበሩም። እቴጌ ግን ቀደሟቸው። የንጉሡ ሞት ሳይወራ ነገሩ ተበጅቶ፣ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ተብሎ ነገሠ።

ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ያደረጉትን ነው እኔ ደጋግሜ የማስበው። እሳቸውም ዘውድ ጫኑ። የልጁ ሞግዚት ሆነው ከመጋረጃ ጀርባ ማዘዝ ይችሉ ነበር፤ ከእሳቸው በፊት እንዲያ ያደረጉ የንጉሥ እናቶች አሉ። በባንክ ቤት ቋንቋ ልናገረው። ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ እናቱ ደብተር ልትከፍትለት ትችላለች፤ ገንዘቡን ታስገባለች፣ ትፈርማለች። ልጁ 18 ዓመት በሞላው ዕለት ግን ደብተሩ የእሱ ነው፣ የእሷ ፊርማ ዋጋ የለውም። ጥምር ሒሳብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሁለቱም ስም ሰፍሯልና አንዱ ስላደገ ወይም ስለሞተ የሌላው ስም አይሰረዝም። እቴጌ ያስከፈቱት ጥምር ሒሳብ ነው። በማኅበራችን የቁጠባ መዝገብ ላይ ገንዘቡን ራሳቸው በጉልበታቸው እያመጡ በባላቸው ወይም በወንድ ልጃቸው ስም ጻፊልኝ የሚሉኝ እናቶች ዛሬም አሉ። የእቴጌን ታሪክ ሳነብ እነሱ ፊቴ ይመጡ ነበር።

ዘውዱ ወዲያውኑ ተፈተነ። በ1732 መኳንንት አምፀው ሕዝቅያስ የሚባል ሌላ ንጉሥ ሰየሙና ጎንደርን ይዘው ቤተ መንግሥቱን ከበቡ። ከተማው በእሳት ተጎዳ። እናትና ልጅ በግንቡ ውስጥ ታግሠው፣ ከውጭ ጦር ሲደርስላቸው ከበባው ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ እቴጌ ዋና ዋናውን ሹመት ለቋራ ዘመዶቻቸው ሰጡ፤ ወንድማቸው ወልደ ልዑል ራስ ሆኑ። ይህ ነገር በጎንደር ሰው ዘንድ ብዙ ሐሜት አስነሥቷል። እኔ ግን ሌላ ማንን ሊያምኑ ይችሉ ነበር እላለሁ፤ በከበባው ሰሞን ማን ከእሳቸው ጋር እንደቆመ፣ ማን ደግሞ ከውጭ እንደነበረ አይተዋል።

አሁን ወደ ሥዕሉ ልምጣ። ከከበባው በኋላ ባሉት ዓመታት እቴጌ ብዙ አሠሩ። ከጎንደር በስተ ምዕራብ ባለው ተራራ ላይ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ተከሉ። ስሙ ቅድስት ድንግል ማርያም ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ በተሰደደች ጊዜ ካረፈችበት ቦታ የተወሰደ ነው። አጠገቡ መኖሪያቸውንና የግብር አዳራሻቸውን አሠሩ፤ በግንቡ ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች ዛሬም ይታያሉ። ልጇን ይዛ የተሰደደችን እናት ቦታ ለራሳቸው መኖሪያ መምረጣቸው፣ በሰባት ዓመት ልጅ ዙፋን ለይ በእሳት ለተከበቡ እናት፣ እንዲያው በአጋጣሚ የተደረገ አይመስለኝም። በጣና ሐይቅ ደግሞ በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን አሠሩ።

ናርጋ ሥላሴ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በሥዕል ተሸፍኗል። በዚያ ዘመን በጎንደር አካባቢ ሠዓሊዎች ብዙ ጊዜ የሚስሉት በጥጥ ሸማ ላይ ነበር፤ ሸማው ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። ጥጡን የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው፤ ስለዚህ የእነዚያ ሥዕሎች ሁሉ መሠረት የሴት እጅ ሥራ ነው ብዬ ብናገር ማጋነን አይሆንብኝም። ፈታይ አባሎቻችን ይህን ልብ ይበሉልኝ።

በግድግዳው ላይ ድንግል ማርያም ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከእግሯ ሥር እቴጌ ምንትዋብ የክብር ልብሳቸውን እንደለበሱ በግንባራቸው ተዘርግተዋል። መጀመሪያ ፎቶግራፉን ያሳየኋት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ ጠንካራ ሴት ብለሽ የምታወሪላት መሬት ላይ የተኛችውን ነው ወይ ብላ ሳቀችብኝ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ሥዕሉን ያሠራ ሰው ከታች በኩል በትንሹ ይሳላል፣ ስሙም ይጻፋል። ደጋፊዎቻችን ይቅር ይበሉኝና፣ ዛሬ ለጋሽ ድርጅት ባሠራው የውኃ ጉድጓድ ላይ ሰሌዳ እንደሚተክለው ማለት ነው። እቴጌም በዚያ ቦታ በገዛ መልካቸው ተሣሉ። በመካከላቸውና በድንግል ማርያም መካከል ደግሞ ማንም የለም፤ ባልም፣ ወንድምም፣ ራስም፣ ደጃዝማችም። የሚሰግዱት ለማን እንደሆነ ያየ ሰው ለማን እንደማይሰግዱም ያውቃል።

የሠዓሊዎቹ ጥበብ ከየት መጣ የሚለው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በሮም ከተማ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ በምትባል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ጥንታዊ የማርያም ሥዕል አለ። የዚያ ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በኩል ወደ አገራችን ገባ። አጼ ፋሲል ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጡ፤ ሥዕሉ ግን ቀረ። የጎንደር ሠዓሊዎች ደጋግመው ቀዱት፣ እየቀዱም የራሳቸው አደረጉት። ማርያም ሁለት እጆቿን አጣምራ ልጇን ትይዛለች፣ ልጁ መጽሐፍ ይዟል፣ በእሷም እጅ አንድ መሐረብ አለ። ያን መሐረብ በየቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ላይ ሁላችንም አይተነዋል፤ እኔ ለእንባ ማበሻ ይመስለኝ ነበር። በጥንታዊው የሮማውያን ሥርዓት ግን እንዲህ ያለ ጨርቅ በእጅ መያዝ የከፍተኛ ሹመት ምልክት ነበር። እናቲቱ መሐረብ የያዘችው ስለምታለቅስ አይደለም፣ ንግሥት ስለሆነች ነው።

በእቴጌ ዘመን ሠዓሊዎቹ በዚህ ላይ ጨመሩበት። ከዚያ በፊት የነበረው የጎንደር ሥዕል ጥርት ያለ፣ በደማቅ ቀለም የተሞላና ጥላ የሌለው ነበር። አሁን ፊትና እጅ በጥላና በብርሃን እየተለየ ሥጋ ለበሰ፤ ከበስተጀርባ ያለው ቀለም ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ የሚለወጥ ሆነ። ከሁሉ በላይ የሚታየው ልብሱ ነው። አበባ የተዘራበት፣ መስመር የወረደበት፣ በወርቅ ቀለም ያጌጠ ጨርቅ በየቦታው ይታያል። ከህንድ አገር ወደቦች ሐርና ጥጥ በመርከብ ወደ ምጽዋ ይመጣ ነበር፣ ከምጽዋም በነጋዴ ቅፍለት ወደ ጎንደር ይወጣ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ያን ጨርቅ ይለብሳል፣ ሠዓሊውም ያየውን ይስላል። ስለዚህ የድንግል ማርያም ፊት ከሮም፣ ልብሷ ከህንድ፣ ቀለሙን የበጠበጠው እጅ የጎንደር ነው ማለት ይቻላል። የታሪክ አዋቂዎች ይህን ሁለተኛው የጎንደር የአሣሣል ስልት ይሉታል፤ ትልቋ አሠሪውም እቴጌ ምንትዋብ ነበሩ።

ሴትን በክብር ለመሳል የቆየ ነገር ፈልጎ መነሣት በሌላም አገር የታየ ነው። በህንድ አምሪታ ሼር-ጊል የምትባል ሠዓሊ ነበረች። በፓሪስ ተምራ ወደ አባቷ አገር ስትመለስ የፈረንጅ አሣሣል ብቻውን አልበቃትም። የአጃንታንና የኤሎራን ዋሻዎች፣ ከድንጋይ የተፈለፈሉትን ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች፣ ቅርጻቸውንና የግድግዳ ሥዕላቸውን ዞራ አየች። በ1937 የሳለቻቸው የደቡብ ህንድ ሴቶች እንደዚያ የድንጋይ ቅርጽ ጸጥ ያሉና ክብደት ያላቸው ሆነው ወጡ። በ1941 በ28 ዓመቷ ሞተች። የጎንደር ሠዓሊዎች ይህን የመሰለ ሥራ የሠሩት ከእሷ ሁለት መቶ ዓመት ቀድመው ነው፤ ልዩነቱ የእኛዎቹ ስም በአብዛኛው አለመታወቁ ነው። የከፋዩ ስም ተጽፎ የሠራተኛው ሳይጻፍ የቀረበት ሰነድ ለሒሳብ ሠራተኛ ደስ አይልም።

ወጪውም መነሣት አለበት። ዳግማዊ ኢያሱ ካደገ በኋላ አደንና ግንባታ ይወድ ነበር። ለጦርነት አይወጣም ብለው ሲያሙት በ1744 ወደ ሰናር ዘመተና ተሸነፈ። በዚያ ጦርነት ኲርዓተ ርእሱ የሚባለው፣ ክርስቶስ የእሾህ አክሊል ደፍቶ የተሣለበት፣ ነገሥታቱ ወደ ዘመቻ ይዘውት የሚወጡት ሥዕል ተማረከ፤ በወርቅ ተዋጅቶ ነው የተመለሰው። በ1755 ንጉሡ ሲሞት በግምጃ ቤቱ የተገኘው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነበር ይባላል። እቴጌ በዚህ አዝነውና አፍረው ቤተ መንግሥቱን ትተው ቁስቋም እገባለሁ አሉ፤ መኳንንቱ ለምነው መለሷቸው። ያ ሁሉ ሐር፣ ያ ሁሉ ግንብ፣ ያ ሁሉ የወርቅ ቀለም ከባላገሩ ግብር የወጣ ነው። ሥዕሎቹን እያደነቅሁ ይህን መዝለል አልችልም። ግን ደግሞ በዚያው ዘመን ለጦርነት የወጣው ገንዘብ ምን እንዳተረፈ ስጠይቅ አንድም የሚታይ ነገር አላገኝም፤ ቁስቋምና ናርጋ ግን ቆመዋል።

የግል ኑሯቸውም ከሐሜት አልዳነም። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የአጼ በካፋ የእህት ልጅ ከሆነው ከግራዝማች ኢያሱ ጋር ኖሩ፣ አስቴርን፣ አልጣሽንና ወለተ እስራኤልን ወለዱ። ሰዉ ያን ሰው ምልምል ኢያሱ እያለ ይዘባበትበት ነበር። በ1742 በጣና አጠገብ ከገደል ተወርውሮ ሞተ፤ ትእዛዙም የንጉሡ ነው ይባላል። ወንድ ነገሥታት ስንት ዕቁባት እንደነበራቸው ማንም ቆጥሮ አልጨረሰም።

የእቴጌ ትልቁ ችግር የመጣው ከራሳቸው ምሳሌ ነው። ልጃቸው ያገባት ውቢት የምትባል የኦሮሞ ባላባት ልጅ ነበረች፤ በክርስትና ስሟ ቤርሳቤህ። ኢያሱ ሲሞት የውቢት ልጅ ኢዮአስ ገና ሕፃን ሳለ ነገሠ። እቴጌ፣ ዘውዱ የእኔም ነው፣ የልጅ ልጄን ይዤ እገዛለሁ አሉ። ውቢት ደግሞ፣ እሳቸው ለልጃቸው እንደነበሩ እኔም ለልጄ ልሁን አለች። እስቲ በየትኛው ሚዛን ነው ውቢት ተሳስታለች የምንለው? እቴጌ በ1730 የከፈቱት በር ለእሳቸው ብቻ የተከፈተ አልነበረም። ሁለት ብርቱ ሴቶች በአንድ ግቢ፣ አንዷ የቋራ ወገኖቿን፣ አንዷ የእናት አባቷን ዘመዶች ይዘው ቆሙ። ኢዮአስም እያደገ ሲሄድ ወደ እናቱ ወገን አደላ። ሚዛኑን ይዘው የነበሩት ራስ ወልደ ልዑል በ1767 ሲሞቱ የሚያስታርቅ ጠፋ።

እቴጌ ያን ጊዜ ከትግራይ ስሑል ሚካኤልን አስጠሩ። ያስታርቁናል ብለው ነበር። ሚካኤል ብዙ ጦር ይዘው መጡ፣ መጥተውም ለራሳቸው ገዙ። በ1769 ወጣቱ ንጉሥ ኢዮአስ ተገደለ። ዘመነ መሳፍንት የሚባለው፣ ነገሥታት በስም ብቻ የኖሩበት ዘመን የሚቆጠረው ከዚያ ዓመት ነው። እቴጌ የልጅ ልጃቸውን ቁስቋም ቀበሩ፣ ራሳቸውም ከመንግሥት ሥራ ርቀው እዚያው ተቀመጡ። ልጃቸው ወይዘሮ አስቴር የራስ ሚካኤል ሚስት ሆኑ። የልጅ ልጅን ላስገደለ ሰው ልጅን መዳር እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ እኔ መጻፍ አልችልበትም።

በዚያ የኀዘን ሰሞን ነው ጀምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው የመጣው። ከምጽዋ ተነሥቶ፣ በትግራይ አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገባ። ሊማሊሞ ያኔ ምን ይመስል እንደነበር፣ ዛሬ መንገዱ ተሠርቶም እያንዳንዱ መዞሪያ ላይ ስማችንን የምናማትብ እኛ እናውቃለን። ቁስቋም ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ ልጆች ታመው ነበርና ብሩስ አከማቸው፤ ከእቴጌም ከወይዘሮ አስቴርም ጋር ተዋወቀ። አገሩ ተመልሶ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ክፍል መጽሐፍ ውስጥ እቴጌ ሰፊ ቦታ ይዘዋል። ሥልጣናቸውን ካጡ በኋላ እንኳ የጎንደር መኳንንት ምክራቸውን ለመጠየቅ ወደ ቁስቋም ይወጡ እንደነበር ከእሱ ጽሑፍ መረዳት ይቻላል።

እቴጌ ምንትዋብ በሰኔ 1773 አረፉ። የተቀበሩት ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር በቁስቋም ነው። ንብረታቸው ግን አላረፈም። ለቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ከተሰጡት ዕቃዎች አንዱ እንደሆነ የሚነገርለት የወርቅ ዘውድ ወደ መቅደላ ተጋዘ፤ በ1868 አጼ ቴዎድሮስ ሲሞቱ እንግሊዞች ከመቅደላ ወሰዱት፣ አሁን ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ነው። ከሰናር በወርቅ የተዋጀው ኲርዓተ ርእሱም በዚያው ዘመቻ ከአገር ወጣ። ቁስቋምን በ1888 ድርቡሾች አቃጠሉት። ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ እንደገና ተሠርቷል፤ የእቴጌ፣ የኢያሱና የኢዮአስ አፅም በአንድ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ለጎብኚ ይታያል። ቦታው ከፋሲል ግቢ ጋር በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

የናርጋው ሥዕል ግን ካሠሩበት ቦታ አልተነቀለም። ከባሕር ዳር በጀልባ ጥቂት ሰዓት ያስኬዳል። በዚያው አቅራቢያ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚባለው ገዳም አለ፤ የብዙ ነገሥታት አፅም ያለበት ነው፣ ሴት ግን አይገባበትም፤ ጀልባው ወንዶቹን አውርዶ ሴቶቹን ይዞ ይጠብቃል። ናርጋ ሥላሴ ላይ ሴቶችም ይወርዳሉ። ጫማ አውልቀው፣ ነጠላ አጣፍተው፣ የመቅደሱ በር ድረስ ቀርበው እቴጌን ያይዋቸዋል።